ቡና ስለ ተባለው ኮከብና በዙሪያው ስለሚዞረው ስለ አቦል

በሰማይ ከሚታዩት ብርሃናት ሁሉ በሰው ዐይን ፊት የምትበልጠው ፀሐይ ናት። ከዋክብት ግን ቁጥራቸው የበዛ፥ መጠናቸው ያነሰ፥ ብርሃናቸውም የደከመ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ይህ ልዩነት የመጣው ከርቀት ነው እንጂ ከባሕርይ አይደለም። ፀሐይ ራሷ ኮከብ ናት፤ ከዋክብትም እያንዳንዳቸው በየስፍራቸው ፀሐይ ናቸው። ከእነርሱም መካከል ከፀሐይ የሚበልጡ አሉ፤ የሚያንሱም አሉ፤ በመጠንም በሙቀትም ፀሐይን የሚመስሉ ብዙዎች አሉ።

ይህ ከታወቀ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በፀሐይ ዙሪያ ምድርና ሌሎች ሰባት ፕላኔቶች ይዞራሉ። ታዲያ ፀሐይን በሚመስሉት በሌሎቹ ከዋክብት ዙሪያስ እንደዚሁ የሚዞር ፕላኔት አለን? ይህን ነገር የጥንት ሰዎችም ጠይቀውታል፤ እርግጠኛው መልስ ግን የተገኘው በቅርብ ዘመን፥ በ1988 ዓ.ም. መስከረም፥ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓመት ነው። ከዚያም ወዲህ ከታወቁት መካከል አንዱ ኮከብ ቡና፥ ፕላኔቱም አቦል ተብለው በኢትዮጵያ ቋንቋ ተጠርተዋል። የመንደር ተማሪ ይህን በሰማ ጊዜ «ማን አየው? እንዴትስ ታወቀ?» ብሎ መምህሩን መጠየቁ አይቀርም፤ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አቦልን በዐይኑ ያየ አንድም ሰው የለምና። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጸው በዐይን ያልታየ ነገር በምን ምስክር ሊታወቅ እንደ ቻለ ነው።

ስለ ኮከብና ስለ ፕላኔት ልዩነት

ኮከብ ማለት ከራሱ ብርሃንና ሙቀት የሚሰጥ እጅግ ታላቅ የጋዝ ክምችት ነው። በፀሐይ መካከል ያለው ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ሲሆን፥ በዚያ ኃይለኛ ሙቀትና ጭነት ሃይድሮጂን የሚባለው ጋዝ ወደ ሂሊየም ይለወጣል፤ ብርሃኗም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ፕላኔት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። በኮከብ ዙሪያ ይዞራል፤ የሚታየውም የኮከቡ ብርሃን ሲያርፍበት ነው።

ፕላኔት የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ዘዋሪ ማለት ነው። ሌሎች ከዋክብት እርስ በርሳቸው ያላቸውን ቦታ ሳይለቁ በአንድነት ሲጓዙ፥ እነዚህ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ስለ ታዩ ይህ ስም ተሰጣቸው። በቀድሞ መጻሕፍት አጣርድ፥ ዝሁራ፥ መሪኅ፥ መሽተሪና ዙሐል የተባሉት፥ በዛሬው ትምህርት ሜርኩሪ፥ ቬኑስ፥ ማርስ፥ ጁፒተርና ሳተርን የሚባሉት አምስቱ ናቸው። ዩራነስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1781፥ ኔፕቲዩንም በ1846 ዓመት በመነጽር ተገኙ። ከምድር ጋር ቁጥራቸው ስምንት ይሆናል። ከሁሉም የሚበልጠው ጁፒተር ሲሆን፥ ክብደቱ የምድርን 318 ጊዜ ያህል ነው። ፀሐይ ግን ከጁፒተርም ከ1000 ጊዜ በላይ ትከብዳለች።

ስለ ርቀት

ከምድር እስከ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የበቅሎ መንገደኛ አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ ቢጓዝ በ10,000 ዓመት አይደርስም። ብርሃን ግን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ያንኑ መንገድ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሰዋል።

ከዋክብት ከዚህ እጅግ ስለሚርቁ ሊቃውንት ርቀታቸውን የሚለኩት በብርሃን ዓመት ነው። የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ሲሆን፥ 9,460,000,000,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ የጊዜ ስም ቢመስልም የርቀት መለኪያ መሆኑን መምህሩ ለተማሪዎች ደጋግሞ ያስረዳ።

እንግዲህ በዚህን ያህል ርቀት ያለውን ፕላኔት ማየት ለምን እንደሚያስቸግር መገመት ይቻላል። የፀሐይ ብርሃን ከጁፒተር ብርሃን ወደ አንድ ሺሕ ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። የደመራ እሳት እየነደደ ሳለ በአጠገቡ የተለኮሰችውን አንዲት ጧፍ ከተራራ ማዶ ሆኖ ለይቶ ማየት አይቻልም። ጧፏ ስለሌለች አይደለም፤ ታላቁ እሳት ስለሚሸፍናት ነው እንጂ። ስለዚህ ሊቃውንት ፕላኔቱን ማየት ቢሳናቸው ኮከቡን ራሱን መመርመር ጀመሩ።

ኮከብ ስለሚወዛወዝበት ምክንያት

ለዚህ ነገር በየመስኩ የሚታይ ምሳሌ አለ። በማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን በራሱ ላይ ሲያዞር፥ ሩቅ ያለ ሰው ድንጋዩን አያየውም። ነገር ግን ልጁን ልብ ብሎ ቢመለከተው፥ ድንጋዩ በዞረ ቁጥር ሰውነቱ ወዲያና ወዲህ ጥቂት ሲል ያየዋል። ድንጋዩ ከባድ ከሆነ መወዛወዙ ይበዛል፤ ቀላል ከሆነ ያንሳል። ድንጋዩ አንድ ዙር የሚጨርስበት ጊዜና የልጁ ሰውነት አንድ ጊዜ ሄዶ የሚመለስበት ጊዜም እኩል ነው። እንግዲህ ተመልካቹ ድንጋዩን ሳያይ፥ ድንጋይ መኖሩንም፥ የክብደቱንም ግምት፥ የሚዞርበትንም ፍጥነት ከልጁ መወዛወዝ ሊያውቅ ይችላል።

በሰማይም እንደዚሁ ነው። በዚያ ያለው ገመድ ስበት ይባላል። እንግሊዛዊው ኢሳቅ ኒውተን በ1687 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ፀሐይ ፕላኔትን ስትስብ ፕላኔቱም በበኩሉ ፀሐይን ይስባል። ፀሐይ እጅግ ከባድ ስለ ሆነች መንቀሳቀሷ ጥቂት ነው እንጂ ፈጽሞ የቆመች አይደለችም። ጁፒተር ወደ 12 ዓመት በሚጠጋ ዙሩ ፀሐይን በሴኮንድ 12 ሜትር ተኩል ያህል ያንቀሳቅሳታል። ምድር ግን ትንሽ ስለ ሆነች የምታንቀሳቅሳት በሴኮንድ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ብርሃን ምስክር ስለ መሆኑ

ይህ መወዛወዝ በዐይን አይታይም፤ ብርሃን ግን ይመሰክርበታል። የፀሐይ ብርሃን ሦስት ገጽ ባለው መስታወት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ተከፍሎ ይታያል። ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 ዓመት ይህን በጥንቃቄ ሲመረምር፥ በቀለማቱ መካከል ብዙ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች እንዳሉ አየ። በኋላም እያንዳንዱ መስመር በኮከቡ ውስጥ ያለ የአንድ ነገር፥ እንደ ብረት፥ እንደ ሶዲየም፥ እንደ ሃይድሮጂን ያለ ምልክት እንደ ሆነ ታወቀ። እነዚህም መስመሮች በመስፈሪያ ላይ እንደ ተቀረጸ ምልክት የታወቀ ቦታ አላቸው።

በ1842 ዓመት ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ሌላ ነገር አስተማረ። ይህንንም በድምፅ መረዳት ይቻላል። አውቶሞቢል ጥሩምባውን እየነፋ በመንደር ሲያልፍ፥ እየቀረበ ሳለ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ይወፍራል። ነፊው ግን ድምፁን አልለወጠም፤ የለወጠው መቅረቡና መራቁ ነው። ብርሃንም እንደዚሁ ነው፤ ኮከቡ ወደ ምድር ሲቀርብ መስመሮቹ ወደ ሐምራዊው ወገን፥ ሲርቅ ደግሞ ወደ ቀዩ ወገን ጥቂት ይዛወራሉ። ስለዚህ የአንድ ኮከብ መስመሮች አንድ ጊዜ ወዲህ፥ አንድ ጊዜ ወዲያ፥ በታወቀ ቀን ቁጥር ሲመላለሱ ቢገኙ፥ ኮከቡን የሚስበው ነገር በዙሪያው አለ ማለት ነው።

ነገሩ ለመናገር ቀላል ሲሆን ለመሥራት ግን እጅግ ከባድ ነው። አንድ ኮከብ በሴኮንድ 100 ሜትር ቢንቀሳቀስ መስመሩ የሚዛወረው ከሦስት ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው። መሣሪያው በሙቀት ወይም በብርድ ጥቂት ቢያብጥ ወይም ቢኰማተር ከዚህ የሚበልጥ ስሕተት ያመጣል። ስለዚህም ምክንያት ከዶፕለር ትምህርት እስከ መጀመሪያው ፕላኔት መገኘት ድረስ ከ150 ዓመት በላይ አልፏል።

መሣሪያ ሰውን እንደሚያሳስት

በዚህ ስፍራ ለመምህራንም ለተማሪዎችም የሚጠቅም አንድ ታሪክ አለ። ፒተር ቫን ደ ካምፕ የተባሉ በሆላንድ የተወለዱ ሊቅ በአሜሪካ አገር ስፕሮል በሚባል የከዋክብት መመልከቻ ቤት ይሠሩ ነበር። ከ1938 ዓመት ጀምሮ የባርናርድ ኮከብ የሚባለውን ትንሽ ቀይ ኮከብ ዓመት ከዓመት በፎቶግራፍ ያነሡት ነበር። ያዩትም በብርሃኑ መስመሮች ሳይሆን በኮከቡ ቦታ ነው። ከ25 ዓመት ድካም በኋላ፥ በ1963 ዓመት፥ ኮከቡ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ እንደሚል፥ በዙሪያውም ፕላኔት እንዳለ አስታወቁ። ነገሩም በየመጽሐፉ ተጻፈ።

ነገር ግን በ1973 ዓመት ጆርጅ ጌትዉድና ሃይንሪሽ አይክሆርን የተባሉ ሌሎች ሊቃውንት በሌላ መነጽር የተነሡ ፎቶግራፎችን መርምረው መወዛወዙን አጡት። እንደዚሁም በዚያው በስፕሮል ቤት የሌሎች ከዋክብት ፎቶግራፍ ሲመረመር፥ የመነጽሩ መስታወት በተነካና በተስተካከለ ጊዜ ከዋክብቱ በአንድነት የተዛወሩ መስለው ተገኙ። የተወዛወዘው መነጽሩ ነበር እንጂ ኮከቡ አልነበረም። ሊቁ ግን እስከ ሞቱበት እስከ 1995 ዓመት ድረስ ሐሳባቸውን አልለወጡም። በዚያው በባርናርድ ኮከብ ዙሪያ እጅግ ትንሽ የሆነ ሌላ ፕላኔት በ2024 ዓመት ተገኝቷል፤ ይህ ግን እርሳቸው ካሉት ጋር አንድ አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትጋትና ቅንነት ብቻቸውን በቂ አለመሆናቸው ነው። አንድ ምስክር የተናገረውን ሌላ ምስክር፥ በሌላ መሣሪያ፥ በሌላ ስፍራ ሆኖ ካላጸናው ነገሩ እንደ ተፈረደ አይቈጠርም። በሽማግሌዎች ሸንጎ ነገር በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንደማይቈረጥ ሁሉ፥ በሰማይ ምርመራም ሕጉ ይኸው ነው።

ስለ መጀመሪያው መገኘት

ሚሼል ማዮርና ዲድየ ኬሎ የተባሉ ሁለት የስዊስ አገር ሊቃውንት በደቡብ ፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ በሚባለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት አዲስ መሣሪያ አቁመው ፀሐይን የሚመስሉ ከዋክብትን ይመረምሩ ነበር። ከእነርሱም አንዱ 51 ፔጋሲ የሚባለው፥ ከምድር 50 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ኮከብ ነበር። በ1994 ዓመት መጨረሻ የዚህ ኮከብ መስመሮች ሲመላለሱ አዩ። ነገር ግን የመመላለሱ ጊዜ ከ4 ቀን ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ሆነ፤ ይህም አስደነገጣቸው። ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ሜርኩሪ እንኳ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ88 ቀን ነው። የጁፒተርን ግማሽ የሚያህል ታላቅ ፕላኔት ለኮከቡ ይህን ያህል ቀርቦ በ4 ቀን ይዞራል ብሎ የጠበቀ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ነገሩን ወዲያው አላወጁም። ኮከቡ ከፀሐይ አቅጣጫ ገብቶ ለጥቂት ወራት ስለ ተሰወረ፥ ያገኙት ነገር እውነት ከሆነ ኮከቡ በሚመለስበት ጊዜ መስመሮቹ የት መገኘት እንዳለባቸው አስቀድመው አሰሉ። በ1995 ዓመት ሐምሌ ተመልሰው ቢመለከቱ መስመሮቹ በተሰላላቸው ቀንና በተሰላላቸው ስፍራ ተገኙ። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ ሽማግሌዎች የዚህን ማስረጃ ክብደት ከሌላው ሰው ይልቅ ይረዱታል። በአበቅቴና በመጥቅዕ ቈጥሮ የሚመጣውን ዓመት በዓልና ጾም አስቀድሞ የሚናገር ሰው፥ ስሌቱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ቀኑ ሲደርስ ጨረቃ እንደ ቃሉ ስትገኝ ነው።

ከዚያም በኋላ በዚያው ዓመት ይህን በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ለሊቃውንት ጉባኤ አስታወቁ። ወሬው በተሰማ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፥ ሊክ በሚባለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት ያሉ ሌሎች ሰዎች በራሳቸው መሣሪያ ተመልክተው ያንኑ አገኙ። በ1997 ዓመት አንድ የካናዳ ሊቅ የሚመላለሰው ነገር የኮከቡ የራሱ እስትንፋስ እንጂ ፕላኔት አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ በተከታዩ ዓመት ግን በተሻለ መሣሪያ ሲመረመር ክርክሩ ፈረሰ። ማዮርና ኬሎም በ2019 ዓመት የኖቤል ሽልማትን ከሌላ አንድ ሊቅ ጋር ተካፈሉ። ፕላኔቱ ዲሚድየም ተባለ፤ ይኸውም በላቲን ቋንቋ ግማሽ ማለት ሲሆን የጁፒተርን ግማሽ ያህል ስለሚመዝን ነው።

ስለ ቡናና ስለ አቦል

51 ፔጋሲን በካሊፎርኒያ ሆኖ ያጸናው የሊክ ቤት ሌሎች ፀሐይን የሚመስሉ ከዋክብትን ለብዙ ዓመታት ሲመረምር ቆየ። ከእነርሱም መካከል በከዋክብት መዝገብ ኤች ዲ 16175 ተብሎ በቍጥር ብቻ የተጻፈ፥ አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ክፍል የሚገኝ ኮከብ ነበር። ይህ ኮከብ እንደ ፀሐይ ቢጫነት ያለው፥ በክብደት ከፀሐይ ጥቂት የሚበልጥ፥ ብርሃኑም ከእርስዋ የበዛ ነው። ከምድር የሚርቀው ወደ 200 የሚጠጋ የብርሃን ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌሊት ወደ ኢትዮጵያ የሚደርሰው ብርሃኑ ከኮከቡ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። ብርሃኑ በመንገድ ሳለ የአፄ ቴዎድሮስ፥ የአፄ ዮሐንስና የአፄ ምኒልክ ዘመን አልፏል።

በ2009 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር የዚህ ኮከብ መስመሮች በሴኮንድ ወደ 100 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ሲመላለሱ፥ በዙሪያውም ታላቅ ፕላኔት መኖሩ ተገለጸ። ከዚያም በፈረንሳይ ያሉ ሊቃውንት በሌላ መሣሪያ መርምረው አጸኑት። ፕላኔቱ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ990 ቀን ገደማ ነው፤ ይኸውም ወደ 2 ዓመት ከ9 ወር ይጠጋል። ክብደቱም ቢያንስ የጁፒተርን ከ4 ጊዜ በላይ ይሆናል። «ቢያንስ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መስመሮቹ የሚናገሩት ኮከቡ ወደ ምድር መቅረቡንና መራቁን ብቻ ነው እንጂ ወደ ጎን መሄዱን አይናገሩም። የፕላኔቱ መንገድ ወደ ጎን የተጋደመ ከሆነ እውነተኛው ክብደት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ ሊያንስ ግን አይችልም።

የዚህ ፕላኔት መንገድ ደግሞ የምድርን መንገድ አይመስልም። ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ በ1609 ዓመት እንዳስተማረው፥ የፕላኔት መንገድ ፍጹም ክብ ሳይሆን ጥቂት የተለጠጠ ነው። የምድር መንገድ ግን ለክብ እጅግ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ከፀሐይ በምትቀርብበትና በምትርቅበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አቦል ግን በሚቀርብበት ጊዜ ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው ያነሰ ይርቃል፤ በሚርቅበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ርቀት ሦስት እጥፍ በላይ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ፕላኔት በእያንዳንዱ ዙሩ ለብርቱ ሐሩር ቀርቦ ወደ ብርቱ ብርድ ይመለሳል። በክብደቱም መጠን እንደ ጁፒተር በጋዝ የተሞላ እንጂ እግር የሚቆምበት ምድር ያለው እንዳልሆነ ይታመናል። ምድር መንገዷ ለክብ የቀረበ በመሆኑ ምን ያህል እንደምትጠቀም ከዚህ ማስተዋል ይቻላል፤ ለገበሬ ክረምትና በጋ በየጊዜያቸው የሚመላለሱለት ከዚህ የተነሣ ጭምር ነውና።

ስሙ የወጣለትም እንዲህ ነው። ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት በ2019 ዓመት ሲያከብር፥ ለእያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ በየቋንቋቸው እንዲሰይሟቸው ጋበዘ። በዚህ ሥራ 112 አገሮች ስም አወጡ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ይህ ኮከብ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ኮከቡ ቡና፥ ፕላኔቱም አቦል ተብሎ ስሙ ታወጀ። አቦል በቡና ሥርዓት መጀመሪያ የሚቀዳው ስለ ሆነ፥ በዚያ ኮከብ ዙሪያ መጀመሪያ ለታወቀው ፕላኔት ስሙ ተስማሚ ነው። ወደ ፊት ሁለተኛና ሦስተኛ ቢገኙ ቶናና በረካ የሚባሉ ስሞች ተዘጋጅተው እንደሚጠብቋቸው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ስለ ሁለተኛው መንገድ

ፕላኔትን ለማወቅ ሌላም መንገድ አለ። በፋኖስ ፊት የእሳት እራት ስታልፍ ብርሃኑ ለቅጽበት ይቀንሳል። እንደዚሁም የፕላኔት መንገድ በኮከቡና በምድር መካከል የሚያልፍ ከሆነ፥ ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ባለፈ ቁጥር የኮከቡ ብርሃን ጥቂት ይጎድላል። ይህ መጀመሪያ የታየው በ1999 ዓመት ነው። ከዚያም በኬፕለር ስም የተጠራ መነጽር በ2009 ዓመት ወደ ጠፈር ተልኮ እስከ 2018 ድረስ ከመቶ ሺሕ የሚበልጡ ከዋክብትን ብርሃን ሲጠብቅ ቆየ።

በዚህ መንገድ ከታወቁት መካከል ኬፕለር 90 የሚባለው ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ሊጠቀስ ይገባዋል። ርቀቱ ከ2500 የብርሃን ዓመት በላይ ነው። በ2017 ዓመት ስምንተኛው ፕላኔት ስለ ተገኘለት፥ የፕላኔቶቹ ቍጥር ከፀሐይ ፕላኔቶች ቍጥር ጋር ተስተካከለ። ነገር ግን ስምንቱም ለኮከባቸው ተጠጋግተው የሚዞሩ ስለ ሆኑ፥ ዳርኛው እንኳ ዙሩን የሚጨርሰው በ332 ቀን ገደማ ነው። በጠቅላላው በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የታወቁት ፕላኔቶች ቍጥር በ2022 ዓመት ከ5000 አልፏል።

በትምህርት ቤት ሊደረግ ስለሚገባው

መምህሩ ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከማስተማር ይልቅ በሥራ ቢያሳየው ይሻላል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ተማሪ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሜዳ ላይ እንዲዞሩ ያድርግ። ትንሹ ሰፊ ክብ ሲዞር፥ ትልቁም በስፍራው አለመቆሙን፥ እርሱም ጠባብ ክብ መዞሩን ሌሎቹ ይመልከቱ። በጨለማ ቤት ውስጥም ፋኖስ አብርቶ፥ በክር የታሰረ ትንሽ የጭቃ ድቡልቡል በፊቱ ያሳልፍ። ነገር ግን ማንም ሰው ፀሐይን በዐይኑም በመነጽርም ትኩር ብሎ እንዳይመለከት በብርቱ ያስጠንቅቅ፤ የዐይንን ብርሃን ያጠፋልና።

የቡናን ስፍራ ማሳየት የሚፈልግ፥ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ሰማዩ ሲጠራ፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ዞሮ ከአናት ወደ አድማስ ካለው መንገድ ከሦስት አንዱን እጅ ያህል ዝቅ አድርጎ ይመልከት። ኮከቡ በባዶ ዐይን አይታይም፤ ባለ ሁለት ዐይን መነጽርና የከዋክብት ካርታ ያለው ሰው ግን እንደ ነጥብ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። አቦልን ግን በዚያ መነጽር አያገኘውም።

ተማሪውም «ካልታየ እንዴት አለ ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ፥ መምህሩ «ሊቃውንት ስላሉ ነው» ብሎ አይመልስለት። ሊቃውንት ሊሳሳቱ እንደሚችሉ የባርናርድ ኮከብ ታሪክ አሳይቷል። ይልቁንም ድንጋዩን ሳያይ የወንጭፈኛውን ሰውነት እንዲመለከት፥ የሚመላለስበትንም ጊዜ እንዲቈጥር፥ ሌላው ጓደኛው ደግሞ ከሌላ ስፍራ ሆኖ እንዲቈጥር፥ ሁለቱም ቍጥራቸውን እንዲያስተያዩ ያድርግ። ቍጥሮቹ የተስማሙ እንደ ሆነ፥ ተማሪው አቦል በምን እንደ ታወቀ በራሱ እጅ ሠርቶ ያውቀዋል። ቢለያዩም ቍጥሩ እንደ ገና ይቈጠር እንጂ አንዱ ስለ ጮኸ ብቻ አይጽና።